ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል በሸናንዶዋ ተራሮች፦ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲ.ሲ.፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እንቁጣጣሽን የሚያሳልፉት በሥራ ቀን ምሽት፣ በአፓርታማ ሳሎን ውስጥ፣ ቡናው ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮኽ አንድ ሰው ፎጣ እያራገበ ነው። ወቅቱ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር ይዞ ይመጣል። በአገር ቤት ክረምቱ ወጥቶ መስኩ በአደይ አበባ በሚሸፈንበት ሰሞን እዚህም የሐምሌና የነሐሴ ወበቅ ይሰበራል፤ በብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ የበጋው ዕረፍት አልቆ ትምህርት ስለተከፈተም መንገዱና የሽርሽር ቦታው ከበጋው ይልቅ ቀለል ይላል። ይህ መመሪያ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያሉትን ሁለት ሳምንታት ከተራራ ጉዞ ጋር አያይዞ ማክበር የሚቻልበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ሐሳቡ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። አበባዮሽ የሚዘፈነው በየደጁ እየተዞረ ነው፤ ችቦ የሚበራው በግቢ፣ ደመራ የሚደመረውም በአደባባይ ነው። በዓሉን ሳሎን ውስጥ ያስገባው የስደት ኑሮ ነው። በእኔ እምነት እዚህ ተወልደው ለሚያድጉ ልጆች በዓሉን የሚያስወድዳቸው የዕለቱ ውሎ ነው፤ ማብራሪያው በኋላ ቢደርስም አይዘገይም።

አንደኛ፦ ቀኑን አስሉ፣ ፈቃዱንም ቀድማችሁ ጠይቁ

መስከረም 1 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ የተሸኘው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ከነበረች ግን ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል፤ መስቀልም ከ27 ወደ 28 ይሸጋገራል። በዚህ ስሌት የ2019 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዓርብ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026፣ ደመራው ቅዳሜ ሴፕቴምበር 26፣ መስቀል ደግሞ እሑድ ሴፕቴምበር 27 ይውላል። በቀጣዩ በ2020 ዓ.ም. ቀኑ ስለሚገፋ እንቁጣጣሽ እሑድ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027፣ ደመራው ሰኞ፣ መስቀልም ማክሰኞ ሴፕቴምበር 28 ይሆናል። ስልካችሁ ላይ በየዓመቱ እንዲደጋገም አድርጋችሁ የመዘገባችሁት ቀን ይህን ለውጥ አያውቅም።

ቀኑ በሳምንቱ ውስጥ የሚውልበት ዕለት ምግቡንም ይወስናል። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም ጾሙን ያስፈታሉ፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ግን አያስፈቱም። ስለዚህ በ2019 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ የሆነ ቤተሰብ ዓርብ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በጾም ምግብ ውሎ፣ ዶሮውንና ጉዞውን ወደ ቅዳሜ ማሻገር ይችላል። ዕለቱ የሥራ ቀን ለሆነበት ሰው ይህ አከፋፈል ራሱ መፍትሔ ነው፤ የዕለቱን በዕለቱ፣ ስብሰባውን ደግሞ በቅርቡ ቅዳሜ ማድረግ በዓሉን አያደበዝዘውም።

በዕለቱ ዕረፍት የምትፈልጉ ከሆነ ጥያቄያችሁን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ አቅርቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ቀጣሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ በዓል እንዲያስተናግድ ያዛል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 በሰጠው ውሳኔ ቀጣሪው እምቢ ለማለት በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት እንዳለበት አጠናክሯል። መስከረም 1 በቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ዮሐንስ ተብሎ የሚከበር በዓል መሆኑንና መስቀልም ሃይማኖታዊ በዓል መሆኑን ጥያቄው ውስጥ መግለጽ ይጠቅማል፤ «የአገሬ አዲስ ዓመት ነው» ብቻ ከተባለ አለቃው ጉዳዩን እንደ ተራ ዕረፍት ሊያየው ይችላል። ከሥራ ባልደረባ ጋር ሽፍት መለዋወጥን ራሳችሁ ብታቀርቡ ነገሩ በቶሎ ይቋጫል። ለልጆች ደግሞ በዓሉን የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ለትምህርት ቤቱ አስቀድሞ መላክ ነው፤ ለሃይማኖታዊ በዓል መቅረት በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በበቂ ምክንያት እንደ ቀረ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፦ ቦታውን እንደ ሰዉ ብዛት ምረጡ

ከአሥር ቤተሰብ በላይ የምትሰባሰቡ ከሆነ ወደ ብሔራዊ ፓርክ ከመሄድ ይልቅ በካውንቲ ፓርክ ውስጥ ጣራ ያለው መጠለያ መከራየት ይሻላል። በፌርፋክስ ካውንቲ እንደ በርክ ሌክ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ እንደ ዊተን ሪጅናል ፓርክ ያሉት ቦታዎች የሚከራይ መጠለያ፣ ጠረጴዛ፣ የከሰል መጥበሻና የልጆች መጫወቻ አላቸው፤ የሴፕቴምበር ቅዳሜዎች ግን በጊዜ ስለሚያዙ ገና በፀደይ መመዝገብ ያስፈልጋል። ዝናብ ቢጥል በዓሉ እንዳይበተን ዋስትና የሚሆነውም ይኸው ጣራ ነው።

ሁለት ሦስት መኪና ሰው ከሆናችሁ ግን ሸናንዶዋን የሚያህል የለም። በ1935 የተቋቋመው ይህ ብሔራዊ ፓርክ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጫፍ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ስካይላይን ድራይቭ የተባለው መንገዱ 105 ማይል ማለትም 169 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሰሜናዊው መግቢያ ፍሮንት ሮያል ከዋሽንግተን በኢንተርስቴት 66 በኩል 70 ማይል ገደማ ይርቃል። እኔ የምመክረው ግን በሀይዌይ 211 ቶርንተን ጋፕ ወደተባለው መግቢያ መሄድን ነው፤ መንገዱ ትንሽ ቢረዝምም ወደ መካከለኛው የፓርኩ ክፍል በቀጥታ ያደርሳል። በፓርኩ ውስጥ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል በመሆኑ ከሰሜን ገብቶ ወደ መሀል መንዳት ልጆቹን ያሰለቻል፤ ጠመዝማዛው መንገድም ሆዳቸውን ያዋክባል።

የመግቢያ ክፍያው ለአንድ የግል መኪና 30 ዶላር ሲሆን ለ7 ቀናት ያገለግላል። ሌሎች ብሔራዊ ፓርኮችንም የምትጎበኙ ከሆነ ለአሜሪካ ነዋሪዎች በ80 ዶላር የሚሸጠው የዓመት ፈቃድ ያዋጣል። ዋጋውንና የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ምሽት በፓርኩ ገጽ ላይ አረጋግጡ፤ ጭጋግ ወይም ነፋስ ሲበረታ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። የፓርኩ የሽርሽር ቦታዎች ቀድሞ ለደረሰ ናቸው። በስካይላይን ድራይቭ ላይ ማንኛውም ቦታ የሚታወቀው በማይል ምልክት ነው፤ ፒናክልስ የተባለው የሽርሽር ቦታ ማይል 36.7 ላይ፣ ቢግ ሜዶውስ ደግሞ ማይል 51.2 ላይ ይገኛሉ። ዘመድ የሚቀጠረውም በዚሁ ቁጥር ነው፤ የስልክ ኔትወርክ በብዙ ቦታ ስለሚጠፋ ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ነዳጅም ወደ ፓርኩ ከመግባታችሁ በፊት ሙሉ።

ሦስተኛ፦ ስንቁን እንደ መንገደኛ፣ ማዕዱን እንደ በዓል አዘጋጁ

የበዓል ምግብ ለጉዞ አይመችም የሚለው አስተያየት የተሳሳተ ነው፤ አገልግል የተሠራው ለዚሁ አይደለምን? ወጡ ከእንጀራው ጋር አብሮ በአገልግል ሊሄድ የሚችለው ግን መንገዱ አጭር ከሆነ ነው። የምግብ ደኅንነት ደንቡ እንዲህ ነው፦ የተዘጋጀ ምግብ ከ40 ፋራናይት (4 ሴንቲግሬድ) በታች ቀዝቅዞ ወይም ከ140 ፋራናይት (60 ሴንቲግሬድ) በላይ ሞቆ መቆየት አለበት፤ በእነዚህ መካከል ከ2 ሰዓት በላይ፣ የአየሩ ሙቀት ከ90 ፋራናይት ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። ስለዚህ ዶሮ ወጡን በዋዜማው ሠርታችሁ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ በፍሪጅ አሳድሩት፤ ጠዋት በረዶ በሞላበት ሣጥን ጫኑት፤ ከቦታው ስትደርሱ በጋዝ ምድጃ እስኪፈላ ድረስ አሙቁት። ዶሮ ወጥ ያደረ እንደሆነ ይበልጥ እንደሚጣፍጥ የሚያውቅ ሁሉ በዚህ አይከፋም። ክትፎ ግን በቤት ይቅር።

ብዙ ቤተሰብ ሲሰባሰብ በማዕዱ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። እንቁጣጣሽ የሁሉም ኢትዮጵያዊ አዲስ ዓመት በመሆኑ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይወጣል፤ ሥጋው ግን አንድ አይሆንም። የሚሻለው የጋራው ገበታ በጾም ምግብ እንዲሞላ አድርጎ፣ ማለትም ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ስልጆውንና ድፎ ዳቦውን ለሁሉም አቅርቦ፣ ሥጋውን እያንዳንዱ ቤተሰብ በየራሱ ዕቃና ጭልፋ እንዲያመጣ መነጋገር ነው። ይህን ቀድሞ በስልክ መጨረስ በቦታው ላይ ከሚፈጠር መሸማቀቅ ያድናል።

ለእግር ጉዞው ደግሞ አባቶቻችን ስንቅ ያሉትን መያዝ ይበቃል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ አይበላሹም፣ አይከብዱም፣ በረዶም አይጠይቁም፤ በሶውን በውኃ በጥብጦ መጠጣት ዳገት ለወጣ ሰው ፈጣን ኃይል ይሰጣል። ጭኮ ቅቤ ስላለው ለጾም ቀን አይሆንም እንጂ ለቅዳሜው ጉዞ እንደ እርሱ የሚጠግን ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ውኃ ቁጠሩ።

ቡናው የቀኑ እምብርት ስለሆነ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይታሸግ። ጀበናውን በጋቢ ወይም በፎጣ ጠቅልሉ፤ ሲኒዎቹን በእንቁላል ካርቶን ውስጥ ደርድሩ። በፓርኩ የሽርሽር ቦታ የራስን የጋዝ ምድጃ መጠቀምና በተተከለው መጥበሻ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ይፈቀዳል፤ መሬት ላይ ግን እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ነፋሱ ነበልባሉን ስለሚያጎነብሰው ምድጃውን በሦስት በኩል የሚከልል ነገር ያዙ፤ አለበለዚያ ቡናው ግማሹ ያርራል ግማሹ ጥሬ ይቀራል። ዕጣኑን በማጨሻው አድርጋችሁ በተተከለው መጥበሻ ላይ አስቀምጡት። የከሰሉ ፍም በመጥበሻው ውስጥ ውኃ ተደርጎበት ፈጽሞ ይብረድ፤ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አይጣል። ጠጅና ጠላ ከመጫናችሁ በፊት የቦታውን የመጠጥ ደንብ አንብቡ፤ የሚነዳው ሰው ግን ደንቡ ቢፈቅድም አይቀምስም።

ስለ ቄጤማና አበባ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በሸናንዶዋ አበባ መቅጠፍም ሆነ ሣር ማጨድ የተከለከለ ነው። የሚጎዘጎዘውን ከቤታችሁ ግቢ ወይም ከኢትዮጵያ ሸቀጥ መደብር ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱም ጠቅልላችሁ ውሰዱት። ለአበባው ደስ የሚል መፍትሔ አለ፦ አደይ አበባ ባይደንስ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ሲሆን፣ የዚሁ ወገን የሆነችው ባይደንስ አሪስቶሳ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ እርጥብ መስኮችና በመንገድ ዳር በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ቢጫ ሆና ትፈነዳለች። ዘሯን ገዝቶ በመፀው መጨረሻ ወይም በፀደይ መጀመሪያ በግቢ ወይም በሰፊ ገንቦ የዘራ ሰው ለልጆቹ እቅፍ የሚሆን አበባ አያጣም።

አራተኛ፦ ለዕለቱ የሚሆነውን ተራራ ምረጡ

የበዓል ቀን አቅም የሚፈተንበት ቀን አይደለምና አጭር ጉዞ ምረጡ። ከሁሉ የምመርጠው ስቶኒ ማን የተባለውን ነው። መነሻው ማይል 41.7 ላይ ሲሆን ከፒናክልስ የሽርሽር ቦታ በአምስት ማይል ብቻ ይርቃል፤ የደርሶ መልስ ርቀቱ 1.6 ማይል ያህል ነው፤ አቀበቱ ለስላሳ ሆኖ መጨረሻው 4,011 ጫማ ከፍታ ያለው፣ ወደ ምዕራብ የሸናንዶዋን ሸለቆ በሙሉ የሚያሳይ ዓለት ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ችግር ይወጣዋል። ጫፉ ገደል ስለሆነ ግን ፎቶ ሲነሣ የልጆቹን እጅ የሚይዝ አዋቂ አስቀድሞ ይመደብ።

ጋሪ ለሚገፉ ወላጆችና ጉልበታቸው ለደከመ አያቶች ማይል 43 ላይ ያለው ሊምበርሎስት ተስማሚ ነው፤ 1.3 ማይል የሚዞረው መንገዱ ጠፍጣፋና የተደለደለ በመሆኑ በተሽከርካሪ ወንበርም ይኬድበታል። የፓርኩን ከፍተኛ ቦታ ማየት የሚፈልጉ ወጣቶች ሆክስቢል ላይ ይውጡ። ከፍታው 4,050 ጫማ፣ ማለትም 1,234 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ በሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ከዚያ የመጣ ሰው በአየሩ ቅጥነት ሊያመካኝ አይችልም። ዳርክ ሆሎው የተባለው ፏፏቴ ማይል 50.7 ላይ ሲሆን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ስለሆነ ምሳ ከበሉ በኋላ አይሞከር። ኦልድ ራግ የሚባለውና በዓለት ላይ በእጅ እየተያዘ የሚወጣው ተራራ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 ቀድሞ የሚገዛ ትኬትም ይጠይቃል። ለሌላ ቀን ይተው።

የጉዞው ቅደም ተከተል ይህን ይምሰል፦ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከቤት ተነሥቶ በሦስት ሰዓት ገደማ ቶርንተን ጋፕ መድረስ፣ ጠረጴዛ ይዞ ጓዙን ማውረድ፣ ከምሳ በፊት ተራራውን መውጣት፣ ተመልሶ መመገብ፣ ከዚያም አበባዮሹንና ቡናውን እስከ ሦስተኛው ድረስ ሳይጣደፉ ማድረስ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ፀሐይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ስለምትጠልቅ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጓዝ መሸከፍ ይጀመር፤ በጨለማ በዚያ መንገድ ላይ አጋዘን መኪና ፊት ትገባለች።

አለባበሱን በተመለከተ የሐበሻ ቀሚሱንና ነጠላውን ለማዕዱ አቆዩት፤ ለተራራው ሱሪና የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል። በተራራው ላይ የሙቀቱ መጠን ከሸለቆው እስከ 10 ፋራናይት ያህል ዝቅ ስለሚል ጋቢ ከመኪናው አይጥፋ። ነጭ ልብስ እዚህ ያልታሰበ ጥቅም አለው፦ የላይም በሽታን የምታስተላልፈው ጥቁር እግር መዥገር በነጭ ላይ ቶሎ ትታያለች። ሣር ውስጥ የሚሮጡ ልጆች የሱሪያቸውን ጫፍ በካልሲያቸው ውስጥ ያስገቡ፣ ነፍሳት የሚያባርር መድኃኒትም ይቀቡ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዝን አይቪ የተባለ ሐረግ እንዳይነኩም አሳዩአቸው፤ ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል።

በፓርኩ ውስጥ ጥቁር ድቦች አሉ። ሰው ባይፈልጉም የምግብ ሽታ ይስባቸዋል፤ የዶሮ ወጥ ሽታ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ደግሞ ጎረቤቶቻችን ይመሰክራሉ። ወደ ተራራው ስትወጡ ምግቡን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትሂዱ፤ ሁሉንም ተዘግቶ በተቆለፈ መኪና ውስጥ አስቀምጡ። ድሮን ማብረር በብሔራዊ ፓርኮች ክልክል ነው።

ርቀቱ ለከበዳቸው በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው የግሬት ፎልስ ፓርክ ቅርብ ነው፤ ሆኖም እዚያ ወደ ፖቶማክ ወንዝ መግባት ለመዋኘትም ሆነ እግር ለመንከር የተከለከለ መሆኑን አትርሱ። ወንዙ ላዩ የረጋ መስሎ ከሥር የሚጎትት ኃይለኛ ጅረት አለው፤ የሰው ሕይወትም ቀጥፏል።

አምስተኛ፦ ደመራውን በፈቃድ ለኩሱ

ደመራ በሸናንዶዋ አይለኮስም፤ ከመጥበሻና ከተሠራ የእሳት ቦታ ውጭ እሳት ስለማይፈቀድ ሐሳቡን ከወዲሁ መተው ነው። ትክክለኛው መንገድ በቅድሚያ በአካባቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን የሚደረገውን ደመራ መካፈል ነው። ደብሩ ከካውንቲው የእሳት አደጋ መከላከያ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያወጣል፤ ካህናቱ ጸሎቱን ያደርሳሉ፤ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ2013 የተመዘገበውን በዓል ልጆቹ በሙሉ ሥርዓቱ ያዩታል። የንግሥት እሌኒ ታሪክና ጭሱ ወደ ተቀበረው መስቀል ያመለከተበት ምክንያት የሚገባቸውም እሳቱ ፊት ለፊት ሲሆን ነው።

በግቢያችሁ ትንሽ ደመራ ማብራት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የካውንቲውን ደንብ ጠይቁ። በብዙ ግዛቶች መነሻ የሆነው የእሳት ደንብ ወርዱ ከ3 ጫማ፣ ቁመቱ ከ2 ጫማ ያልበለጠ የእንጨት ክምር ከማንኛውም ሕንጻ ቢያንስ 25 ጫማ ርቆ እንዲነድ ይጠይቃል፤ ከዚህ የበለጠው ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ርቀቱም ወደ 50 ጫማ ያድጋል። ካውንቲው ከዚህ ሊያጠብቅ ይችላል፤ ድርቅ ሲሆን ደግሞ ሁሉንም ሊያግድ ይችላል። አብዛኛው አፓርታማ በረንዳ ላይ ከሰል እንኳ ስለማይፈቅድ እዚያ የሚኖር ሰው የሚከራይ የእሳት ቦታ ያለው የካውንቲ ፓርክ ቢፈልግ ይሻላል። የውኃ ቱቦ ወይም ሁለት ባልዲ ውኃ አጠገባችሁ ይኑር፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቁሙ።

እንጨቱን ከምትኖሩበት አካባቢ ግዙ። ከሩቅ የመጣ እንጨት የአሽ ዛፍን የሚጨርስ ጥንዚዛና ሌሎች ተባዮችን ስለሚያጓጉዝ ሸናንዶዋን ጨምሮ በርካታ ፓርኮች በሙቀት የታከመ ለመሆኑ ምልክት የሌለውን እንጨት አያስገቡም።

ስድስተኛ፦ ከተመለሳችሁ በኋላ

የዚያኑ ዕለት ማታ ሁሉም ገላውን ይታጠብ፤ የልጆቹን ብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ከጉልበት ሥርና የራስ ቅላቸውን ለመዥገር ፈትሹ። የተጣበቀች ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉ፤ በክብሪት ማቃጠልም ሆነ ቅቤ መቀባት አይገባም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ክብ ቀይ ምልክት ከታየ ወደ ሐኪም ሄዳችሁ ከጫካ መምጣታችሁን ንገሩት። ልብሱ ወደ ማጠቢያ ከመግባቱ በፊት በማድረቂያ በከፍተኛ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ቢዞር መዥገሩን ይገድላል፤ የጥበብ ልብስ ግን በማድረቂያ ስለሚጎዳ በፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ በዓይን ፈትሹት።

ቀጥሎም ለቀጣዩ ዓመት የሚሆነውን ጻፉ፦ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ምን እንደተረፈና ምን እንዳነሰ፣ የትኛው ቤተሰብ ምድጃውን እንደያዘ። የ2020 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ እሑድ ስለሚውል ከቅዳሴ በኋላ ሸናንዶዋ ለመድረስ ጊዜው ይጠባል፤ ለዚያ ዓመት በቅርብ ያለ የካውንቲ መጠለያ ማሰብ፣ የተራራውን ጉዞ ደግሞ ወደ ተከታዩ ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2027፣ ማዛወር ይመከራል።